የሮቶና የጀሪካን ጥያቄዎች፦ በሥዕል፣ በእጅ ቆጠራ፣ በግምት ወይስ በአልጀብራ?

አንድ ገንዳ ሩቡ ድረስ ውሃ ነበረው። አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲገለበጥበት ከሦስት እጅ ሁለቱ ሞላ። ገንዳው እስከ አፉ ቢሞላ ስንት ሊትር ይይዛል?

ይህን ጥያቄ ለአራት ሰው ብትሰጡ አራት ዓይነት አሠራር ልታዩ ትችላላችሁ። አንዱ ገንዳውን ሥሎ በመስመር ይከፋፍለዋል። ሌላው የአንዱን እጅ (የአንዱን እኩል ክፍል) መጠን ፈልጎ ያበዛል፤ እጅ ቆጠራ ያልኩት ይህን ነው። ሦስተኛው ለመከፋፈል የሚመች ቁጥር ገምቶ ይሞክርና ግምቱን ያስተካክላል። አራተኛው «ሙሉው ሙ ሊትር ይሁን» ብሎ የእኩልነት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። አራቱም 240 ሊትር ላይ ይገናኛሉ። የሚለያዩት በሚያደክሙት ልክና ለስህተት በሚከፍቱት በር ነው።

ልጅ የምታስጠኑ ወላጆች፣ አስጠኚዎች፣ ወይም ራሳችሁ ለፈተና የምትዘጋጁ ተማሪዎች የትኛውን ትያዙ? የእኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ አልጀብራ ከሁሉም ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ቀድሞ መመዘዝ የለበትም። ቀላሉን ጥያቄ ያከብደዋል፤ ከባዱን ግን ከወጥመድ ያወጣዋል። ቀላሉን ከከባዱ የሚለየው የቁጥሩ ትልቅነት አይደለም፤ ክፍልፋዩ የተቆረሰበት ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት፦ የምን ክፍልፋይ?

«2/5 ተቀዳ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አይነግረንም። የሙሉው ሮቶ 2/5 ነው? አሁን በውስጡ ያለው ውሃ 2/5 ነው? ወይስ ጠዋት ከተቀዳው የተረፈው 2/5? በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እርሳስ ያዙና በጥያቄው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ክፍልፋይ አክብቡ፤ ከጎኑም «የምን?» ለሚለው መልስ ጻፉ። ሁሉም ቦታ ላይ «የሙሉው» የሚል መልስ ካገኛችሁ ሥዕል ወይም እጅ ቆጠራ ይበቃችኋል። መልሱ ከቦታ ቦታ ከተቀያየረ፣ ወይም መያዣዎቹ ሁለት ከሆኑና ውሃ ከአንዱ ወደ ሌላው ከሄደ፣ ያን ጊዜ አልጀብራን ጥሩ።

በዚሁ አጋጣሚ ሌላ መለየት ያለበት ነገር አለ። የመያዣው የመያዝ አቅምና አሁን በውስጡ ያለው ውሃ አንድ አይደሉም። ባለ 500 ሊትር ሮቶ ውስጥ 300 ሊትር ሊኖር ይችላል። ጥያቄው የሚፈልገው 500ውን ነው ወይስ ለመሙላት የሚጎድለውን 200? ብዙ ተማሪ ትክክል ሠርቶ የተሳሳተውን ቁጥር ያከብባል።

መለኪያንም አስቀድሞ አንድ ማድረግ ያስፈልጋል። የውሃ ቢል በሜትር ኩብ ይመጣል፣ ጀሪካን በሊትር ይለካል፣ የመድኃኒት ጠርሙስ በሚሊ ሊትር። 1 ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ነው፤ 1 ሊትር 1000 ሚሊ ሊትር። ይህ ካልተስተካከለ የቱም ዘዴ አያድንም።

ሥዕል

የመጀመሪያውን ገንዳ እንመልከት። ሩብ አለ፣ ሁለት ሦስተኛ አለ። የ4 እና የ3 ትንሹ የጋራ ብዜት 12 ነው። አራት ማዕዘን ሣሉና በአግድም 12 እኩል ረድፍ አድርጉት። ሩቡ 3 ረድፍ ነው፤ እሱን አጥቁሩት። ከሦስት እጅ ሁለቱ 8 ረድፍ ነው። ውሃው ከ3ኛው ረድፍ ወደ 8ኛው ወጣ፣ ማለትም 5 ረድፍ ጨመረ። የተጨመረውም 5 ጀሪካን ነው። እንግዲህ አንዱ ረድፍ አንድ ጀሪካን ሆነ፤ ገንዳው 12 ጀሪካን ይይዛል። 12 በ20 ሲበዛ 240 ሊትር።

እዚህ ላይ ደስ የሚለው ነገር፣ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ሊትር የሚባል ነገር አለመነሳቱ ነው። ልጁ የሚያየው ረድፍና ጀሪካን ብቻ ነው። ክፍልፋይ መቀነስ ያስጨነቀው ልጅ 2/3 ሲቀነስ 1/4 ስንት እንደሆነ ሳይጠየቅ 5/12 መሆኑን በዓይኑ ቆጥሮ ያገኘዋል።

ይህ አሠራር በሲንጋፖር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመደበኛ ትምህርት ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያም ወደ ብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች ተዛምቷል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ አንዳንድ ወላጆች የልጃቸውን ደብተር ከፍተው ከስሌት ይልቅ ሣጥን ሲያዩ ግራ የሚጋቡትም ለዚህ ነው። እናትና አባት በእኩልነት ዓረፍተ ነገር የለመዱትን ልጁ በሣጥን ይሠራዋል። ሣጥኑን ሰርዞ «እንዲህ አይደለም የሚሠራው» ማለት አያስፈልግም፤ ሁለቱ የሚሉት አንድ ነው፣ ወረድ ብለን እናየዋለን።

ሥዕል የሚደክመው ታህቶቹ (የክፍልፋዮቹ የታች ቁጥሮች) ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ገንዳው 2/7 ነበረው፣ ከተጨመረበት በኋላ 5/9 ሆነ ቢባል 63 ረድፍ መሣል ሊኖርብን ነው። ማንም አይሥልም። ቢሥልም ሲቆጥር ይሳሳታል።

ሥዕል ያልተጠበቀ ጉልበት የሚያሳይበት ጥያቄም አለ። ትልቁ በርሜል ከትንሹ 60 ሊትር የበለጠ ይይዛል። የትልቁ ግማሽ ከትንሹ 2/3 ጋር እኩል ነው። እያንዳንዳቸው ስንት ይይዛሉ? አልጀብራ የለመደ ሰው ወዲያው ፊደል ይፈልጋል። ግን ግማሽን 2/4 ብለን እንጻፈው። የትልቁ ከአራት እጅ ሁለቱ፣ ከትንሹ ከሦስት እጅ ሁለቱ ጋር እኩል ነው። ላዕሎቹ (የላይኞቹ ቁጥሮች) አንድ ስለሆኑ እጆቹ እኩል መጠን አላቸው። ትልቁ 4 እጅ፣ ትንሹ 3 እጅ፤ ልዩነታቸው አንድ እጅ፣ እሱም 60 ሊትር። ትልቁ 240፣ ትንሹ 180። ፊደል አላስፈለገም። ሁልጊዜ ታህት ማመሳሰል የለመደ ተማሪ እዚህ ላዕል ማመሳሰል ሊከብደው ይችላል፤ አንዴ ሲገባው ግን አይረሳውም።

የአንዱን እጅ መፈለግ

ይህ ዘዴ ሥዕሉን በሐሳብ መሥራት ነው። ሮቶው ከአምስት እጅ ሦስቱ ድረስ ውሃ አለው፤ ውሃው 300 ሊትር ነው፤ ሙሉው ስንት ነው? ሦስቱ እጅ 300 ከሆነ አንዱ እጅ 100፤ አምስቱ እጅ 500 ሊትር። በቃ።

አንድ ክፍልፋይና አንድ መጠን ብቻ ላለው ጥያቄ ከዚህ የሚፈጥን የለም። እዚህ ላይ «ሙ ይሁን» ብሎ አራት መስመር መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው፤ መምህሩ አሠራሩን በአልጀብራ አሳዩ ካላሉ በቀር።

ስህተቱ የሚመጣው አካፋዩን በመገልበጥ ነው። ተማሪው 5 ቁጥርን ስላየ 300ን ለ5 ያካፍልና በ3 ያበዛል፤ 180 ይወጣል። ይህ የሚሆነው 300ው ራሱ ሦስቱ እጅ መሆኑን ሳያስተውል፣ የ300ን 3/5 ስለሚፈልግ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመሥራት በፊት «መልሱ ከ300 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ መጠየቅ። ሮቶው ገና አልሞላም፤ ሲሞላ ከ300 ማነስ አይችልም። 180 ያገኘ ልጅ ማንም ሳይነግረው እርሳሱን ያነሳል።

አልጀብራ

አሁን ገንዳውን በእኩልነት ዓረፍተ ነገር እንሥራው። መጀመሪያ ፊደሉ ምን እንደሚወክል በግልጽ ይጻፍ፦ ሙ = ገንዳው ሲሞላ የሚይዘው ውሃ በሊትር። «ሙ = ገንዳ» ብሎ መጻፍ ትንሽ ስንፍና ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን ያስከፍላል። ገንዳ ቁጥር አይደለም፤ ሊትሩ ነው ቁጥሩ። ፊደሉ በሊትር ከሆነ የሚጨመረውም 5 ሳይሆን 100 መሆን እንዳለበት ወዲያው ይታያል።

ከዚያ ታሪኩን በቅደም ተከተሉ መጻፍ ነው፦

1/4 ሙ + 100 = 2/3 ሙ

በቃል ሲነበብ፣ ሩቡ ነበረ፣ መቶ ሊትር ተጨመረ፣ ከሦስት እጅ ሁለቱ ሆነ። የአልጀብራ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ጥያቄው እንደተነገረ መጻፍ ነው፤ ብልሃት መፈለግ የለም፣ ምን ከምን እንደሚቀነስ አስቀድሞ ማወቅም አያስፈልግም። ሁለቱንም ጎን በ12 እናብዛ፦

3ሙ + 1200 = 8ሙ
1200 = 5ሙ
ሙ = 240

ሲረጋገጥ፦ የ240 ሩብ 60 ነው፤ 100 ሲጨመር 160፤ የ240 ሁለት ሦስተኛም 160።

ሥዕሉን ካስታወሳችሁት 3ሙ እና 8ሙ ያው 3ኛውና 8ኛው ረድፍ ናቸው። 5ሙ ደግሞ የጨመረው 5 ረድፍ ነው። በ12 ማባዛትም ገንዳውን 12 ረድፍ ከማድረግ የመጣ ነው። ሥዕልን በደንብ የሠራ ልጅ አልጀብራ ሲጀምር አዲስ ነገር አይማርም፤ የሚያውቀውን ማሳጠር ነው የሚማረው።

እዚህ ቦታ ላይ የሚፈጸመው ስህተት በጣም የታወቀ ነው፦ ክፍልፋዮቹን በ12 አብዝቶ 100ን መርሳት። 3ሙ + 100 = 8ሙ ይሆንና ሙ = 20 ይወጣል። 20 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ውስጥ 100 ሊትር ተጨመረ ማለት ነው። ወደ ታሪኩ የተመለሰ ተማሪ ስህተቱን ያገኘዋል፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ግን «ሙሉ ቁጥር ወጣልኝ» ብሎ ደስ እያለው ያልፋል።

እስካሁን አልጀብራ ከሥዕሉ የበለጠ ነገር አላሳየም። የሚያሳየው በሚቀጥለው ጥያቄ ነው።

ሙሉ ከነበረ ሮቶ ጠዋት ሲሶው ለልብስ ማጠቢያ ተቀዳ። ከቀረው ደግሞ 2/5 ለወጥ ቤት ተቀዳ። በመጨረሻ 400 ሊትር ተረፈ። ሮቶው ስንት ይይዛል?

የሚቸኩል ተማሪ 1/3 እና 2/5 ይደምራል፤ 11/15 ይሆናል። የቀረው 4/15፣ እሱም 400 ሊትር። አንዱ እጅ 100፣ ሙሉው 1500 ሊትር። ተመልከቱ፣ ስህተት ሆኖ ሳለ መልሱ ምንኛ ንጹህ ነው! የሚያስጠረጥር ነገር የለውም። ፈተና አዘጋጂዎችም 1500ን ከምርጫዎቹ አንዱ አድርገው ማስቀመጥ ይወዳሉ። ጥፋቱ ሲሶው የሙሉው፣ 2/5ቱ ግን የተረፈው ክፍልፋይ መሆኑ ነው፤ የተለያየ ነገር ቁራሽ አብሮ አይደመርም።

በአልጀብራ፦ ሲሶው ከሄደ 2/3 ሙ ቀረ። ከዚህ ከአምስት እጅ ሁለቱ ከሄደ ሦስቱ እጅ ይቀራል።

3/5 × 2/3 ሙ = 400
2/5 ሙ = 400
ሙ = 1000

ሲረጋገጥ፦ የ1000 ሲሶ 333 ከ1/3 ነው። ይህ ቁጥር አያስደነግጥ፤ 666 ከ2/3 ይቀራል፣ የሱ ሦስት አምስተኛ ልክ 400 ነው።

ይህን ጥያቄ በሌሎቹ ዘዴዎች ሞክሩት። በሥዕል 15 ረድፍ ይሣላል፤ 5 ይሄዳል፣ ከ10ሩ 4 ይሄዳል፣ 6 ይቀራል። 6 ረድፍ 400 ከሆነ አንዱ 66 ከ2/3። ከመጨረሻው ወደ ኋላ ብንሄድ ደግሞ መሃል ላይ 666 ከ2/3 ይገጥመናል። ሁለቱም መንገድ መልሱ ጋ ያደርሳል፤ ግን ልጅ መሃል ላይ አስቀያሚ ቁጥር ሲያይ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ይሰርዛል። አልጀብራው ሁለቱን ክፍልፋዮች ቀድሞ አባዝቶ 3ን በ3 ስለሚያቃልል ያን ቁጥር ጭራሽ አያየውም። አልጀብራን የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ስሌቱን ወደ መጨረሻ ስለሚያዘገየው መንገድ ላይ ያለውን እንቅፋት ያስቀራል።

ሌላው የአልጀብራ ሜዳ፣ ውሃ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ነው። በአንደኛው በርሜል ያለው ውሃ በሁለተኛው ካለው በ90 ሊትር ይበልጣል። ከአንደኛው 1/5ው ወደ ሁለተኛው ተገለበጠ። አሁን አንደኛው የሚበልጠው በ10 ሊትር ብቻ ነው። በአንደኛው መጀመሪያ ስንት ሊትር ነበረ?

በጭንቅላት የሚሠራ ሰው እንዲህ ያስባል፦ ልዩነቱ ከ90 ወደ 10 ወረደ፣ 80 ሊትር ጠፋ፣ ስለዚህ 1/5ው 80 ነው፣ ሙሉው 400። አሳማኝ ይመስላል። ግን እንሞክረው፦ አንደኛው 400፣ ሁለተኛው 310። 80 ሲገለበጥ 320 እና 390። ሁለተኛው በለጠ!

የተረሳው ነገር፣ የተገለበጠው ውሃ ከአንዱ ሲቀነስ በሌላው ላይ መጨመሩ ነው፤ ልዩነቱን ሁለት ጊዜ ያጠብበዋል። የእኩልነት ዓረፍተ ነገር ግን ይህን እንድንረሳ አይፈቅድም፣ ሁለቱንም በርሜል ያስጽፈናልና። በአንደኛው ሙ ሊትር ቢኖር በሁለተኛው ሙ − 90 አለ። ከተገለበጠ በኋላ በአንደኛው 4/5 ሙ፣ በሁለተኛው ሙ − 90 + 1/5 ሙ።

4/5 ሙ = ሙ − 90 + 1/5 ሙ + 10
4/5 ሙ = 6/5 ሙ − 80
80 = 2/5 ሙ
ሙ = 200

200 እና 110 ነበሩ፤ 40 ሲገለበጥ 160 እና 150 ሆኑ። ልዩነቱ 10።

ልዩነቱ ሁለት ጊዜ እንደሚጠብ ቀድሞ ያስተዋለ ሰው 80ን የ2/5 ዋጋ አድርጎ በአንድ መስመር ይጨርሳል። እንደዚያ ለሚያይ ዓይን አልጀብራ አያስፈልግም። ለሁላችን ግን ያ ዓይን በፈተና ሰዓት አይከፈትም፣ በተለይ 20 ደቂቃ ሲቀር።

ግምት ይዞ ማስተካከል

ይህ ዘዴ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙም ክብር አይሰጠውም፤ በዕድሜ ግን በጣም የቆየ ነው። አህመስ የሚባል ግብፃዊ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በገለበጠው፣ ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም በሚገኘው ፓፒረስ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አለ፦ አንድ መጠንና ሩቡ ሲደመሩ 15 ይሆናሉ፤ መጠኑ ስንት ነው? አሠራሩ፣ 4 ይሁን ብሎ መጀመር ነው። 4 እና ሩቡ 5 ይሆናሉ። የተፈለገው 15፣ የ5 ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ 4ም በ3 ይባዛል፤ 12።

በዚያው ፓፒረስ ላይ የመያዣ ጥያቄም አለ። የእህል መለኪያ የነበረውን ሄቃትን የሚመለከት ነው፤ አንድ ሄቃት ወደ 4.8 ሊትር ይጠጋል። አንድ ትንሽ መስፈሪያ ሦስት ጊዜ ሙሉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሲሶው ብቻ ሲገለበጥ ሄቃቱ ይሞላል፤ መስፈሪያው የሄቃት ስንት እጅ ነው የሚል ነው በእኛ አነጋገር። በግምት ከሠራነው፦ መስፈሪያው 3 ይሁን። ሦስት ጊዜ 9፣ ሲሶው 1፤ ድምሩ 10። የሚፈለገው 1 ስለሆነ መልሱ 3/10 ሄቃት ነው። እህሉን በቁና ብትለውጡት ጥያቄው ዛሬም ይሠራል።

ግምት በተለይ የሚያምረው በቧንቧ ጥያቄ ላይ ነው። አንዱ ቧንቧ ታንከሩን በ4 ሰዓት፣ ሌላው በ6 ሰዓት ይሞላዋል፤ ሁለቱም ቢከፈቱስ? የታንከሩ መጠን አልተነገረም፤ ስለዚህ ለ4ም ለ6ም የሚካፈል ቁጥር፣ 12 ሊትር ይሁን። አንዱ በሰዓት 3 ሊትር፣ ሌላው 2 ሊትር ያመጣል፤ አብረው 5። 12 ለ5 ሲካፈል 2.4 ሰዓት፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ። (2 ሰዓት ከ40 የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም፤ 0.4 ሰዓት በ60 ይባዛ።) ከሥር የሚያፈስ ቀዳዳ ቢኖርና ሙሉውን ታንከር በ12 ሰዓት ባዶ የሚያደርግ ቢሆን፣ በሰዓት 1 ሊትር ይወስዳል፤ 5 የነበረው 4 ይሆናል፣ ታንከሩም በ3 ሰዓት ይሞላል። 1/4 + 1/6 − 1/12 ብሎ በክፍልፋይ ከመሥራት ይህ ለብዙ ልጅ ይቀላል።

ድክመቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ግምቱ ሲያድግ ሁሉም ነገር እኩል የሚያድግ ከሆነ ብቻ ነው የሚሠራው። «ግማሹና ተጨማሪ 15 ሊትር» የሚል ነገር ካለ፣ 15ቱ ከግምቱ ጋር አያድግምና እጥፍ ማድረግ አያዋጣም።

ከመጨረሻው ወደ ኋላ

ለእንደዚህ ያለው ደግሞ አጭር መንገድ አለ። ከሮቶው ግማሹና 15 ሊትር ተቀዳ፤ ከቀረው ሲሶውና 10 ሊትር ተቀዳ፤ 50 ሊትር ተረፈ። ከኋላ ጀምሩ፦ 50 ላይ 10ሩ ሲመለስ 60፤ ይህ ሲሶው ከሄደ በኋላ ያለው 2/3 ስለሆነ ሙሉው 90። 90 ላይ 15ቱ ሲመለስ 105፤ ይህ ግማሽ ነው፤ ሮቶው ውስጥ 210 ሊትር ነበረ። በአልጀብራ ቢጻፍ ቅንፍ ውስጥ ቅንፍ ይመጣል፤ እዚህ ላይ አልመክረውም። ይህ መንገድ ግን የመጨረሻው መጠን በቁጥር ካልተሰጠ መነሻ የለውም።

ፈተና ላይ

በክፍል ፈተና አሠራር ለሚያዩ መምህር አልጀብራ ይሻላል። መልሱ ቢሳሳት እንኳ የእኩልነት ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ከሆነ ነጥብ ሊያሰጥ ይችላል፤ ሥዕል ግን አንዳንድ አራሚ አያነብም። ምርጫ ባለው ፈተና ላይ፣ እንደ ሚኒስትሪ ባለው፣ ሌላ በር ይከፈታል፦ ምርጫዎቹን ወደ ታሪኩ መልሶ መሞከር። ለገንዳው ጥያቄ 150፣ 200፣ 240 እና 250 ቢቀርቡ፣ ለ4ም ለ3ም ያለ ትርፍ የሚካፈለው 240 ብቻ ነው። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ 200 ሊትር በርሜልም ሲሶው አለ፣ ሙሉ ቁጥር አይሁን እንጂ። የሮቶው ጥያቄ መልስ 1000 ሆኖ ሲሶው 333 ከ1/3 እንደነበር አትርሱ። ፍንጩን ያገኘ ሰው አንድ ጊዜ ይሞክረውና ይለፍ።

ለማን የትኛው

የእኩልነት ዓረፍተ ነገር ገና ያልጀመረ ልጅ ላይ ፊደል አትጫኑ፤ ሥዕልና የአንዱን እጅ ፍለጋ ለእሱ ሙሉ መሣሪያ ናቸው። አልጀብራ ጀምሮ የሚፈራ ልጅ ካላችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ በሁለቱም ይሥራው፤ ረድፉን ከ3ሙ ጋር ያገናኝ። አልጀብራ የሚወድና ሁሉን በእሱ የሚሠራ ተማሪን ተዉት፤ ግን ከመሥራቱ በፊት መልሱን እንዲገምት አስገድዱት። የእሱ አደጋ 20 ሊትር ገንዳ ነውና።

ለመለማመጃ ሦስት ጥያቄ ልተው፤ ከመሥራታችሁ በፊት ዘዴውን ምረጡ። አንደኛ፣ 5/8 ድረስ ጠላ የነበረው ጋን ከውስጡ 10 ሊትር ሲቀዳ 3/8 ቀረው፤ ጋኑ ስንት ይይዛል? ሁለተኛ፣ ከሙሉ ሮቶ ሲሶው ተቀዳ፣ ከቀረው ሩቡ ተቀዳ፣ 600 ሊትር ተረፈ። ሦስተኛ፣ የአንዱ በርሜል 3/5 ከሌላው 3/4 ጋር እኩል ነው፤ ሁለቱ አብረው 180 ሊትር ይይዛሉ።

የመጀመሪያው በእጅ ቆጠራ ያልቃል፤ 2/8 ማለት 10 ሊትር ነው፣ ጋኑ 40 ሊትር። ሁለተኛው አልጀብራ ይወዳል፤ 3/4 × 2/3 ሙ = 600፣ ሙ = 1200። ሦስተኛው የሥዕል ነው፤ ላዕሎቹ እኩል ስለሆኑ አንዱ 5 እጅ፣ ሌላው 4 እጅ፣ ዘጠኙ እጅ 180። በርሜሎቹ 100 እና 80 ሊትር ናቸው።